መኪናችንን እስከ መቼ እንያዘው?

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ቪትዟን ልሽጣት ወይስ ትቆይ?” ብሎ አማከረኝ። “ምን ሆነች?” ስለው ምንም። ፍሬኗ ደህና ነው፣ ሞተሯ ደህና ነው፣ ጠዋት ሳታስቸግር ትነሳለች። ነገሩ ሌላ ነው፤ ደላላ ደውሎ ከገዛበት አራት እጥፍ ጠርቶለታል። “ዋጋው ሳይወርድ ልሽጣት” ይላል። ስለ መኪና የጀመርነው ወሬ ሳናውቀው ስለ ብር ሆኖ አረፈው። ብዙዎቻችን ጋ ያለው ጥያቄ ይኸው ስለሆነ ዛሬ ትንሽ ልዘርዝረው።

በሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ወይ ገበያው ነው ወይ መንግሥት። አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ከዋጋው ጥሩ ድርሻ ያጣል፤ ከዚያም በየዓመቱ እየወረደ ይሄዳል፤ የጥገናው ወጪ ከቀሪው ዋጋ ሲበልጥ ባለቤቱ ይሰናበተዋል። ጃፓን ውስጥ አዲስ መኪና በ3 ዓመቱ፣ ከዚያ ደግሞ በየ2 ዓመቱ «ሻከን» የሚሉትን ጥብቅ ምርመራ ማለፍ አለበት። የምርመራው፣ የግብሩና የኢንሹራንሱ ክፍያ አንድ ላይ ሲመጣ ብዙ ጃፓናዊ ደህናውን መኪና ለጨረታ መስጠትን ይመርጣል። እኛ የምንነዳቸው ብዙዎቹ ቪትዞች የዚህ ምርመራ ስደተኞች ናቸው። ሲንጋፖር ደግሞ መኪና ለመያዝ የሚሰጠው ፈቃድ ራሱ 10 ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ማቆየት የፈለገ እንደገና ይከፍላል። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ማቆየቱን ተያይዘውታል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. መንገዳቸው ላይ ያለው መኪና አማካይ ዕድሜ 12.6 ዓመት ነበር።

እኛ ጋ መኪና ቢያረጅም ዋጋው አይወርድም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው ሲሲ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ አይገቡም ተባለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አዲስ የሚገባው ሲወደድ፣ ግቢያችን የቆመው አሮጌም አብሮ ተሰቀለ።

ታዲያ ባለቤቱ አተረፈ? እስቲ እናስላው። አንድ ሰው በ2007 ዓ.ም. መኪና በ300,000 ብር ገዛ እንበል። ያኔ ዶላር 20 ብር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ የከፈለው 15,000 ዶላር ነው። ዛሬ ያችኑ መኪና 1,200,000 ብር ቢሸጣት፣ ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው እጁ ላይ የሚገባው 8,000 ነው። መኪናዋ እንደማንኛውም አገር መኪና አርጅታለች፣ ግማሽ የሚጠጋ ዋጋዋንም አጥታለች። ብራችን ከእሷ ፈጥኖ ስለወረደ ነው የከበደች የመሰለን። በዚያ ላይ ሸጦ ምን ሊገዛ ነው? ያችኑ ዓይነት መኪና ልግዛ ቢል ያንኑ ዋጋ ይከፍላል፣ የደላላው ኮሚሽንና የስም ማዛወሪያው ከላይ ይጨመራል። ይህን ስል መኪና ገዝተው ያቆሙትን ሞኝ ለማለት አይደለም። 300,000 ብሩን ባንክ አስቀምጦ የቆየው ሰው ዛሬ ከእነሱ ብዙ ወደኋላ ቀርቷል። ነገር ግን በዚህ ስሌት መኪና የሚለውጥ ሰው ከዓመት ዓመት ሲገለባበጥ ይኖራል እንጂ የተሻለ መኪና ላይ አይደርስም።

እንግዲህ ዋጋውን ወደ ጎን እናድርገውና መኪናዋን እንያት።

የእኛ ሰው መኪና ለመሸጥ የሚቸኩለው ብዙ ጊዜ በማይረባ ምክንያት ነው። የፍሬን ሸራ አለቀ፣ ፍሪሲዮኑ ከበደ፣ ኩሽኔታው ጮኸ፣ ባትሪው ደከመ፣ አራቱም ጎማ በአንድ ወር መቀየር አለበት፤ በቃ “አስቸገረች፣ ልገላገላት” ይመጣል። እነዚህ ሁሉ እንዲያልቁ ተብለው የተሠሩ ዕቃዎች ናቸው። ማንም መኪና ላይ ያልቃሉ፣ ነገ የምትገዟት ላይም ያልቃሉ። ሌላው ቀርቶ ሞተር መውረዱ ራሱ የዓለም ፍጻሜ አይደለም። ገበያ ላይ “ሞተሯ ያልተነካ” የሚለው ቃል እንደ ማዕረግ ይጠራል፤ እኔ ግን በደህና መካኒክ እጅ፣ በደህና ዕቃ፣ በጊዜው የወረደ ሞተር ያላትን መኪና፣ ዘይት እየበላች ሳትነካ ከቆየችው እመርጣለሁ። ቴስታታው ተቃጥሎ በወቅቱ የተሠራ መኪና ብዙ ዓመት ሲሄድ አይተናል። ሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ደርሶ እያየ “ትንሽ ልሂድበት” ያለ ሰው ነው ከሞተር የሚለያየው።

መኪናን በእውነት የሚጨርሰው ሌላ ነው። ከሁሉ በፊት አካሏ። ክፉኛ ተገጭታ ሻንሲዋ የተጣመመና በብየዳ የተቃና መኪና ጎማዋን በአንድ በኩል ትበላለች፣ አላይመንት ተሠርቶላትም ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች፤ እዚያ ላይ የሚፈስ ገንዘብ መመለሻ የለውም። ዝገትም እንዲሁ። በዚህ በኩል አዲስ አበባ ለብረት ደግ ከተማ ናት፤ ባሕር የለባት፣ መንገድ ላይ ጨው የሚያስበትን በረዶ አታውቅም። ዝገቱ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚመጣው ከአውሮፓ ክረምት ወይም ከባሕር ዳርቻ ከገባው መኪና ጋር ነው፤ ላዩ ቀለም ተቀብቶ ያበራል፣ ሆዱ ግን ተበልቷል። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ለአላርም አንዱ ቆርጦ፣ ለቴፕ ሌላው ቀጥሎ፣ ለመብራት ሦስተኛው በፕላስተር ጠቅልሎ ያለፈበት መስመር አንድ ቀን ያጨሳል። ኤሌክትሪሺያኑ “አገኘሁት” ካለ በኋላ በሳምንቱ ተመልሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ የምትከፍሉት ለጥገና ሳይሆን ለፍለጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኛ አገር የመኪናን ዕድሜ የሚወስነው ዕቃ መገኘቱ ነው። የ30 ዓመት ኮሮላ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ኦርጅናሉም፣ ያገለገለውም፣ ማስመሰያውም ይጠብቃችኋል፤ የ10 ዓመት የሆነች አንዲት ቅንጡ የአውሮፓ መኪና ግን ለአንዲት ሴንሰር ከዱባይ ሰው እስኪመጣ ወር ትቆማለች። ቮልስን ተመልከቱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ተገጣጥማ ምርቷ የቆመው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ሲሄድ ታያላችሁ። ራዲያተር የሌላት፣ በነፋስ የምትበርድ፣ ኮምፒውተር የማታውቅ፣ ማንም መካኒክ ከፍቶ የሚገባው ሞተር ያላት መኪና ስለሆነች ነው። ሽማግሌነት ብቻውን መኪና አይገድልም።

እዚህ ላይ ግን ከጋራዥ ወዳጆቼ ጋር የምንለያይበት አለ። አሮጌ መኪና ባየ ቁጥር “ይሄ እኮ ብረት ነው ጋሼ፣ አሁን የሚመጣው ቆርቆሮ ነው” የሚል መካኒክ አይጠፋም። በጣቱ ኮፈኑን መታ መታ ያደርግና ያስደምጣችኋል። ስለ ውፍረቱ እውነቱን ነው፤ ስለ ደኅንነቱ ግን ተሳስቷል። የአሁኖቹ መኪኖች አፍንጫ የሚጨማደደው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ የግጭቱን ኃይል እዚያው ጨርሶ ሰው ያለበት ክፍል ሳይነካ እንዲቀር ተብሎ ታስቦ ነው። ያ ጠንካራ ብረት ሳይታጠፍ ሲቀር ኃይሉን የሚቀበለው የተሳፋሪው ደረትና አንገት ነው። ኤርባግና ኤቢኤስ የሌላት መኪና ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚሄድ ሰው ብዙ ዓመት ታገለግላለች። በየበዓሉ ቤተሰብ ጭኖ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ፣ ማዶ ደጀን ለሚወጣ ሰው ግን ሌላ ወሬ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ፍሬን እያሞቁ መውረድ፣ ቀጥሎ ያንኑ ያህል ዳገት በሙቀት መውጣት፣ ከኋላ ከባድ መኪና አስከትሎ። ለእንዲህ ያለው ሰው የምለው፣ ሞተሯ እንደ ሰዓት ቢቆጥርም በተሻለች ይለውጣት ነው። ገንዘብ ካለው ማለቴ ነው፤ ከሌለው ደግሞ ለመንገዱ አውቶቡስ አለ፣ መኪናዋ ለከተማ ትበቃለች።

ኤሌክትሪኩስ? አዎ፣ ሁላችንም የምንጠያየቀው እሱን ነው። ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ሊትሩ ከ30 ብር በታች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን አለፈ። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ፣ መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የምትበላ ሰው፣ በወር 100 ሊትር ማለትም ከ10,000 ብር በላይ ያቃጥላል። የመብራቱ ሒሳብ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ስለሆነ፣ በኤሌክትሪክ ቢለውጥ በዓመት 120,000 ብር ገደማ ይተርፈዋል እንበል። ለመለወጥ የሚጨምረው 1,500,000 ብር ቢሆን ግን ገንዘቡን ለመመለስ ከ12 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ብዙ አምራቾች ለባትሪ የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም መኪናዋ በአምራቹ ወኪል በኩል ከገባች። እዚህ ከምናያቸው ብዙዎቹ በነጋዴ በኩል በቀጥታ ከቻይና የመጡ ናቸው፤ ዋስትናው እዚያው ቀርቷል። በሌላ በኩል ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲያመላልስ የሚውል፣ በወር 4,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሾፌር ያንኑ ጭማሪ በ3 ዓመት ገደማ ይመልሰዋል። ለእሱ ማመንታት ኪሳራ ነው። ነዳጅ ሰልፍ ላይ የሚያጠፋውን ሰዓት እንኳ አልቆጠርኩለትም። የቅዳሜና እሑድ ነጂው ግን ጎረቤት ስለለወጠ ብሎ አይቸኩል፤ መካኒኩም ዕቃውም ገና እየለመደ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ቁርጡ ይሄ ነው። አካሏ ያልተነካ፣ ዕቃዋ የሚገኝ፣ የምታምኑት መካኒክ የሚያውቃት መኪና ካለቻችሁ፣ 15 ይሁን 25 ዓመቷ ያዟት። “ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል” ይባል የለ? ሌላ አሮጌ መግዛት የሰው በሽታ መግዛት ነው፤ የናንተዋን ቢያንስ ሕመሟን ታውቁታላችሁ። የሥራ ቀን እያስቀረች፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያወጣ ሰው እያሳጣች በወር በወሩ ጋራዥ የምታድር ከሆነ ግን፣ ደላላው የጠራው ዋጋ ከፍም አለ ዝቅ ልቀቋት። ከመወሰናችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ፦ ሊፍት ያለው ጋራዥ ውሰዷትና አስነስታችሁ ከሥሯ ገብታችሁ ራሳችሁ እዩአት፤ ብየዳውን፣ ዝገቱን፣ የሚያንጠባጥበውን። ጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮችም አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ዕድሜው ያለቀ ጎማ በየመኪናው ሥር አለ።

ለመሸጥ የወሰናችሁ ደግሞ፣ ኪሎ ሜትሯን አታስመልሱ። ኤርባጓ ፈንድቶ መሸፈኛው ብቻ የተሰፋ ከሆነ ተናገሩ። ሞተሯ መውረዱን፣ የት በኩል እንደተመታች፣ ምን እንደሚያማት ለገዢው ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩት። ዋጋ ያስቀንስባችኋል፤ ይቀንስ።