ቦታው ሲቀየር ልጁም ይነገረው

በሥፖርት ዓምድ ላይ ብዙውን ጊዜ የምናነበው ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ የሚለውን ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ከፊሽካው በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው። ለመሆኑ አጥቂ የነበረን ታዳጊ ወስዶ ተከላካይ ማድረግ፣ ተከላካዩንም አማካይ ማድረግ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ነገሩ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ፊሽካ አንግተን የምንቆመው እኛው ዕጩ መምህራን ነን።

በመጀመሪያ፣ በግድ የሚመጣ ለውጥ አለ። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ፣ ሩስተንበርግ ከተማ ብሔራዊ ቡድናችን ከናይጄሪያ ጋር ሲጫወት በረኛው ሲሳይ ባንጫ በጨዋታው ማብቂያ ላይ በቀይ ካርድ ወጣ። ሦስቱም ቅያሪዎች አልቀው ነበር። ስለዚህ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ከጎሉ መሐል ቆመ። ፍጹም ቅጣት ምቱን ቪክቶር ሞሰስ አገባው፤ ጨዋታውም 2 ለ 0 አለቀ። አዲስን በዚህ ሊወቅስ የሚችል ማን ነው? ሰው ጠፍቶ ነው የቆመው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ምንም ምርጫ የለም።

ሁለተኛው ታስቦበት የሚደረግ ለውጥ ነው። ያችን ኳስ የመታው ሞሰስ ራሱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በ1999 ዓ.ም ከ17 ዓመት በታች በሆነው የእንግሊዝ ቡድን ውስጥ ጎል አግቢ ነበር። በኋላ የክንፍ አጥቂ ሆነ። በ2009 ዓ.ም ደግሞ የቼልሲው አሠልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴ ወደ ኋላ ስቦ ቀኙን መስመር ከላይ እስከ ታች አስረከበው። በዚያው ዓመት ቼልሲ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። የካናዳው አልፎንሶ ዴቪስም የክንፍ አጥቂ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም በባየርን ሙኒክ ተከላካዮች ሲጎዱ የግራ ተከላካይ ተደርጎ በዚያው ዓመት የአውሮፓን ዋንጫ አነሣ። ለአገሩ ሲሰለፍ ግን ወደ ፊት እየወጣ ያጠቃ ነበር። ኅዳር 2015 ዓ.ም ካናዳ በወንዶች የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያዋን ጎል ያገኘችው በእርሱ ነው። እንግዲህ ቦታ መቀየር በራሱ ክፉ ነገር አይደለም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ሞሰስ ሲቀየር ዕድሜው 25 ነበር፤ ደመወዝም ስምም ነበረው። እኛ የምንናገረው ስለ 14 እና ስለ 15 ዓመት ልጅ ነው።

የታዳጊዎች ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ጭንቀት ይገባኛል። በየትምህርት ቤቱ ጎበዝ የተባለው ልጅ አጥቂ ወይም አማካይ ነው። ከየክልሉ ምርጦቹ ሲሰበሰቡ ጎል አግቢው ይበዛል፤ የግራ ተከላካይ ግን ይጠፋል። በግራ እግሩ የሚመታ ልጅ ጥቂት ስለሆነ «ግራኙ ወደ ኋላ ይመለስ» ይባላል። የዝግጅት ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። በ1993 ዓ.ም የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ በአገራችን ተዘጋጅቶ አራተኛ በመውጣታችን ወደ አርጀንቲናው የዓለም ወጣቶች ዋንጫ አለፍን፤ እዚያም ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈን ተመለስን። በዚያ ደረጃ ከኔዘርላንድ ልጆች ጋር የሚገጥም ልጅ ቦታውን በጉዞ ላይ ሊማረው አይችልም። ከታች ተምሮት መምጣት አለበት።

ከታች ግን የምናየው ሌላ ነው። በ13 ዓመቱ ቀድሞ የረዘመው ልጅ የመሐል ተከላካይ ወይም በረኛ ይደረጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጓደኞቹ ቁመቱ ላይ ሲደርሱበት ኳስ መግፋት ያልተማረ፣ በቁመቱም የማይበልጥ ሆኖ ይቀራል። አጭሩ ደግሞ ክንፍ ላይ ተረስቶ ይኖራል። የእኛ የደጋ ልጆች የሚደርስባቸው ሌላም ነገር አለ። «የባሌ ልጅ ሳንባ አለው፤ መስመር ላይ ይሩጥ!» ይባላል። ኧረ ለመሆኑ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያደገ ልጅ ሳንባ እንጂ ጭንቅላት የለውም ያለው ማን ነው?

ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ ከነበረበት ትምህርት ቤት አንድ ግራኝ ልጅ ነበረ። በትምህርት ቤቱ ውድድር ጎል የሚያገባው እርሱ ነው። ለታዳጊዎች ምርጫ ተጠርቶ ሄደና በሁለተኛው ቀን የግራ ተከላካይ ተደረገ። ለምን እንደሆነ የነገረው የለም። ተመልሶ ሲመጣ ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ላይ ከዳር ተቀመጠ። ብጠይቀው በኦሮምኛ እያጉረመረመ ቆየና «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። ልብ በሉ! ልጁ የተረዳው እንደ ቅጣት ነው። ጎል የሚያገባው ይጨበጨብለታል፤ ወደ ኋላ የተላከው እንደ ተባረረ ይሰማዋል። ሁለት ሳምንት ልምምድ ቀረ። ኋላ አሠልጣኙን አግኝቼ ስጠይቀው ምክንያቱ መልካም ሆኖ ተገኘ፤ «እይታው ሰፊ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ጨዋታ ይጀምርልኛል ብዬ ነው» አለኝ። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ልጁ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። አሁን ይጫወታል፤ ሆኖም ልቡ ከፊት ነው። ይህንንም አልፈርድበትም።

አባቱ ገበሬ ናቸው። ነገሩን ሳጫውታቸው ስቀው «ቀኝ የለመደውን በሬ ወደ ግራ ካዞርኩት የመጀመሪያውን ቀን እርሻ አልቆጥረውም» አሉኝ። ወይፈን ሲያሠለጥኑም ከነባር በሬ ጋር እንጂ ከሌላ ወይፈን ጋር አይጠምዱትም። እኔ በክፍል ውስጥ ከተማርኩት ይህ አይተናነስም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ቦታው የሚቀየር ልጅ ምክንያቱን ከአሠልጣኙ አፍ ይስማ። «ታዘዝ» ማለት አይበቃም። ሁለተኛ፣ ለውጡ በልምምድ፣ ከዚያም በወዳጅነት ጨዋታ ይሞከር እንጂ በውድድር ቀን አይጀመር። በጎኑም ቦታውን የሚያውቅ ተጫዋች ይሰለፍለት። ሦስተኛ፣ በአዲሱ ቦታ ስሕተት ቢሠራ ቶሎ አይውጣ፤ ወራት ይሰጠው። አልፎ አልፎም ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለስ። አራተኛ፣ ከሁሉም በላይ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን በአንድ ቦታ አንቸንክር። በረኝነቱም ሳይቀር ሁሉም በየተራ ይሞክሩት። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ ብሔራዊ ቡድን ሲደርስና «ወደ ግራ ሂድ» ሲባል ባዕድ አገር የተላከ አይመስለውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ቡድኑ ነው የሚቀድመው፤ አሠልጣኝ ልጅ እያባበለ ዋንጫ አያነሣም» ይሉኛል። ሐሳባቸው ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም፤ ቡድን ያለ በረኛ ሜዳ አይገባም። ነገር ግን የታዳጊ ቡድን ዋናው ፍሬ የዚያ ዓመት ዋንጫ ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላ ለዋናው ቡድን የሚደርሱት ልጆች ናቸው። ዋንጫውን አግኝተን ልጁን ከኳስ ካስኮበለልን ምኑን አተረፍነው?

ብሔራዊ ቡድን የሚጀመረው አዲስ አበባ አይደለም። በጎባና በሮቤ ጭቃማ ሜዳ ላይ፣ አንድ መምህር ጣቱን ቀስሮ «አንተ በረኛ፣ አንተ አጥቂ» ሲል ይጀመራል። ያ ጣት የማን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ የማይስማማ ካለ ሐሳቡን ጽፎ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ ሳምንት እናነብለታለን።