በባሌ ላፕቶፕ ውስጥ ደባል አስገባሁ!

ርዕሱን አይታችሁ ክፉ አትጠርጥሩ። ደባሉ ሰው አይደለም፤ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር በኮምፒዩተር ውስጥ! እንዲህ ያለም ነገር አለ እንዴ? ትሉ ይሆናል። አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ያለው ላፕቶፕ አንድ ነው። ባሌ የሱቆችን ሂሳብ በፒችትሪ ይሠራበታል፤ የቤት ኪራዩም አስቤዛውም የሚወጣው ከዚያው ነው። እኔ ደግሞ የማታ ትምህርት ጀመርኩና ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም መለማመድ ግድ ሆነብኝ። ክፍላችን ውስጥ ያሉ ልጆች «ዊንዶውሱን አጥፍተሽ ጫኚው» አሉኝ። ለባሌ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ይቺ እንጀራችን ናት! የሰው ሂሳብ ቢጠፋ ማን ይከፍላል?» አለ። እውነቱን ነው። ግን እኔስ? ኮምፒዩተር ደብተር ላይ እየሳልኩ ልማር?

ሦስት ቀን ተኳረፍን። ሌላ ላፕቶፕ እንግዛ እንዳንል... ዋጋውን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ።

መላው የተገኘው ቨርቹዋል ማሽን ከሚባለው ነገር ነው። ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1972 ክፍል በሚሞሉ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ያቀርበው ነበር። እኔ የተጠቀምኩት ቨርቹዋልቦክስን ነው፤ በነፃ ይገኛል። ዊንዶውሱ ላይ አንድ መስኮት ይከፍትና በውስጡ የገባውን ሲስተም «አንተ ራስህን የቻልክ ኮምፒዩተር ነህ» ብሎ ያሳምነዋል። የደባሉ ሃርድ ዲስክ ተብዬው ባሌ ዲስክ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ሊኑክሱ እዚያ ውስጥ ቢፈርስ ቢገለበጥ ፒችትሪ ወሬውንም አይሰማ!

ደባል ግን ቤት ያጣብባል። የኛ ላፕቶፕ ራሙ 8 ጊጋ ነው፤ ኡቡንቱ ለሚባለው ሊኑክስ 4 ሰጠሁት። ከግማሽ በላይ ከሰጣችሁት አከራዩ ዊንዶውስ ራሱ ይታፈንና ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ። ከዲስኩ 25 ጊጋ ፈቀድኩለት። ራማችሁ በጠቅላላው 4 ጊጋ ከሆነ ትእዛዝ ብቻ የሚጻፍበትን የሰርቨሩን ዓይነት ሞክሩ፤ እሱ በ2 ጊጋ ይኖራል።

መጀመሪያ ቀን አልነሳም ብሎ አስለቅሶኝ ነበር። ቫይረስ አይደለም። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩ ለዚህ ሥራ ያለው ድጋፍ ተዘግቶ ይመጣል። ላፕቶፑ ሲነሳ ባዮስ ውስጥ ገብቶ መክፈት ነው፤ ኢንቴል ከሆነ ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤስቪኤም የሚለውን ፈልጉ። ሌላ ነገር እንዳትነኩ ብቻ!

እኔን የማረከኝ ግን ስናፕሾት ነው። ደባሉ ያለበትን ሁኔታ ልክ እንደ ፎቶ ያነሳዋል። ልምምድ ከመጀመሬ በፊት አነሳለሁ፤ እንደልቤ አፈርሳለሁ፤ ወዲያው ወደነበረበት እመልሰዋለሁ። ምነው ሦስቱ የኩርፊያ ቀናትም እንዲህ በተመለሱ! ታዲያ ስናፕሾቱ እዚያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ የባሌን ሂሳብ በየሳምንቱ ኤክስተርናል ላይ መገልበጡን አልተውንም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ኡቡንቱ ሲጫን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ አስገባሁ። ባሌ አንድ ማታ «ባል እያለሽ የሚቆለፍ ምን ነገር ኖረሽ?» አይለኝም መሰላችሁ! እህቶቼ፣ ይህችን ጥያቄ ታውቋታላችሁ። አልተቆጣሁም። ፊቱ ከፍቼ አሳየሁት። ትእዛዝ የሞላበት ጥቁር ስክሪን ነው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው አዛጋ። ፓስወርዱን ግን አልነገርኩትም። እኔም እኮ የደንበኞቹን ፋይል ከፍቼ አላይም። ለነገሩ ፓስወርዱ ብቻውን ብዙም አያስጥልም፤ የሚያውቅበት ሰው ያንን ትልቅ ፋይል ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ገልብጦ ውስጡን ሊያየው ይችላል። የምር መቆለፍ የምትፈልጉ ኡቡንቱን ስትጭኑ ዲስኩን ኢንክሪፕት የሚያደርገውን ምርጫ ውሰዱ።

ደባሉ ያልፈታው አንድ ነገር ቢኖር ኪቦርዱ አንድ መሆኑን ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የእኔ እንዲሆን ተስማምተናል። ሰኔ 30 ሲቃረብ ግን ስምምነቱ እንደሚፈርስ ባሌ ከአሁኑ ነግሮኛል።