አራት እጥፍ ኃይልና የአባቴ ወንበር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር። አባባሉ እውነት መሆኑን ዛሬም አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ድሩ ከማበሩ በፊት የአንበሳውን ጉልበት መጠየቅ እንደሚገባ የተማርሁት ከአንድ የተቃጠለ አምፕሊፋየር ነው። ነገሩ የደረሰብኝ በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ በትንሽ ደመወዝ ትልቅ ድምፅ ለመስማት የሚመኝ ወጣት ሁሉ ሳይከስር ይማርበት ዘንድ እነሆ እጽፈዋለሁ።

በዚያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ ከአባቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን በመምህርነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጆሮአቸው እየከበደ ሄደ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የማታ ጓደኛቸው በወጣትነታቸው ይወዷቸው የነበሩት ዘፈኖች የተቀዱበት አንድ ካሴት ነበር። በመጀመሪያ «ልጄ፣ እስቲ ድምፁን ጨምረው» ይሉኝ ነበር። እኔም እጨምራለሁ፤ ድምፁ እየሻከረ ይሰነጣጠቃል። ኋላ ግን መጠየቁን ተዉ። አንድ ምሽት ካሴቱን ራሳቸው አጥፍተው ዝም ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምነው አባባ?» አልኋቸው።

«ዘፋኙ ሌላ ሰፈር ሆኖ የሚዘፍን ይመስለኛል፤ ለምን አደክመዋለሁ?» አሉኝ።

ይህ አነጋገር እንቅልፍ ነሣኝ።

ታላቅ ወንድሜ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የተወልን አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከሮች ነበሩን። አምፕሊፋየሩ ስቴሪዮ ነው፤ ይኸውም በአንድ ሣጥን ውስጥ የቀኝና የግራ ሁለት ማጉያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም 50 ዋት ይሰጣል። ከስፒከሮቹ የአንደኛውን ወረቀት አይጥ በልታው ስለነበረ የቀረን አንድ ብቻ ነው። ይህ ግን ብዙ አላሳሰበኝም። ድምፅን በቀኝና በግራ ከፍሎ የመቅዳትን ዘዴ አለን ብሉምላይን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1931 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ጠይቆበታል፤ የስቴሪዮ ሸክላ በየገበያው መሸጥ የጀመረው ግን በ1958 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። የአባቴ ዘፈኖች ደግሞ በሞኖ፣ ማለትም በአንድ መሥመር የተቀዱ ስለሆኑ፣ በአንድ ስፒከር ቢሰሙ የሚጎድልባቸው ነገር የለም።

እንግዲህ አንዱ ማጉያ ያለ ሥራ መቀመጡ ቆጨኝ። ይህንኑ ለአንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ባጫውተው፣ «ከበስተኋላው ሞኖ የሚል ማዞሪያ ካለው ሁለቱን አንድ አድርጎ ኃይሉን አራት እጥፍ ያደርግልሃል» አለኝ። ሁለትና ሁለት ሲደመር እንዴት አራት እጥፍ እንደሚሆን ግራ ቢገባኝም፣ ቤት ገብቼ ባየው ማዞሪያው በእርግጥ አለ። እዚህ ላይ ሞኖ የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው ልብ ይሏል፤ የዘፈኑ ሞኖ የአቀዳዱ ነገር ሲሆን፣ የአምፕሊፋየሩ ሞኖ ግን ሁለቱን ማጉያዎች ለአንድ ስፒከር ማሠራት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ረጅም መጋዝ ከወዲህና ከወዲያ ይዘው ግንድ ሲሰነጥቁ አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል። ማዞሪያው ወደ ሞኖ ሲዞርም አንደኛው ማጉያ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው በዚያው ቅጽበት ወደ ታች ይስባል። ስፒከሩ የሚታሰረው በሁለቱ ቀይ መሰኪያዎች መካከል ስለሆነ እጥፍ ቮልት ያገኛል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ኮረንቲውም እጥፍ ይሆናል፤ እጥፍ በእጥፍ ሲባዛም አራት ይመጣል። በ8 ኦም ስፒከር ላይ 50 ዋት የሚሰጥ ማጉያ 20 ቮልትና 2.5 አምፔር ያወጣል፤ ሁለቱ ሲተባበሩ 40 ቮልትና 5 አምፔር፣ ማለት 200 ዋት ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ በተግባር ትራንስፎርመሩ ስለሚደክም ከዚያ ያንሳል።

ቅዳሜ ማታ አባቴን ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ፣ ሽቦውን አስሬ ካሴቱን ከፈትሁ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። አባቴ ቀና አሉ፤ ጣቶቻቸውም የወንበሩን መደገፊያ በምቱ ልክ መታ መታ ያደርጉ ጀመር። ደስታዬን ልገልጸው አልችልም። ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ወዲያው ቀጭን ጢስ ወጣና ቤቱ ጸጥ አለ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አሉ አባቴ። አምፑሉ ግን ከራሳቸው በላይ እየበራ ነበር።

ሰኞ ዕለት አምፕሊፋየሩን ከነስፒከሩ ተሸክሜ ወደ አንድ ሽማግሌ ራዲዮ ጠጋኝ ሄድሁ። እርሳቸውም አምፕሊፋየሩን ከመክፈታቸው በፊት ስፒከሩን ገልብጠው «4 ኦም» የሚለውን ጽሕፈት አሳዩኝ። ኦም ስፒከሩ ኮረንቲን ምን ያህል እንደሚከለክል የሚለካበት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዙ ኮረንቲ ያልፋል።

«ሁለቱ ሲጣመሩ እያንዳንዱ ማጉያ የሚሰማው የስፒከሩን ግማሽ ኦም ብቻ ነው። ይህ ባለ 4 ኦም ስለሆነ ለእያንዳንዱ 2 ሆነበት። በ8 ኦም 2.5 አምፔር የሚሸከመውን 10 አምፔር ተሸከም አልኸው» አሉኝ። ቀጥለውም ከማዞሪያው ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እንዳነብ አዘዙኝ፤ በሞኖ ሲሠራ ስፒከሩ ከ8 ኦም እንዳያንስ ይላል። በመሥሪያ ቤት የሰው ማመልከቻ ሳነብ የምውል ሰው፣ የራሴን ዕቃ ሁለት መሥመር ሳላነብ አቃጠልሁ!

ዘዴው ግን በራሱ መጥፎ አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው ማኪንቶሽ ኤም ሲ 275 የተባለው ባለ አምፖል አምፕሊፋየር በያንዳንዱ ወገን 75 ዋት ሲሰጥ፣ በሞኖ 150 ዋት እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው፤ እርሱ ግን ሁለቱን ወገኖች ጎን ለጎን አቆራኝቶ ስለሚያሠራ ዋቱ እጥፍ እንጂ አራት እጥፍ አይሆንም። ሁለት አንድ ዓይነት አምፕሊፋየሮች ያሉትም ሰው አንዱን ለቀኝ፣ አንዱን ለግራ አድርጎ በሞኖ ሊያሠራቸው ይችላል። ብቻ ይህን የሚያስብ ሰው አምፕሊፋየሩ ለዚሁ የተሠራ ማዞሪያ እንዳለውና የስፒከሩ ኦም እንደሚፈቀድ ያረጋግጥ፤ ማዞሪያውንም ሆነ ሽቦውን የሚነካው ኮረንቲውን አጥፍቶ ይሁን፤ ከስፒከሩ ሽቦዎች አንዱንም በጥቁሩ መሰኪያ ወይም በሣጥኑ ብረት አያስነካ።

ጠጋኙ ከአንድ ወር ደመወዜ የሚበልጥ ሒሳብ ነገሩኝና ፊቴ ሲለወጥ አይተው «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድምፅ ለማን ነው?» አሉ። የአባቴን ነገር አጫወትኋቸው።

«ከስፒከሩ ምን ያህል ርቀው ይቀመጣሉ?»

«አራት ሜትር ያህል።»

«እንግዲያው አንዱን ማጉያ ብቻ ልጠግንልህና አንተ ወንበሩን ወደ አንድ ሜትር አምጣው» አሉኝ።

የቀለድሁባቸው መስሏቸው የቀለዱብኝ መሰለኝ። ነገሩ ግን ሒሳብ ነው። ኃይል አራት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 6 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል፣ ማለት አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በሜዳ ላይ ርቀት በግማሽ ባነሰ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ከ4 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1 ሜትር መቅረብ እንግዲህ 12 ዴሲቤል፣ ማለት ኃይልን ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ እንደ ማሳደግ ነው። በቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልስ ትርፉ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ወጪ የለውም፤ ጢስም የለውም።

የዚያኑ ሳምንት ስፒከሩን በጠረጴዛ ላይ ከአባቴ ጆሮ ትክክል አስቀምጬ ወንበራቸውን አስጠጋሁት። ካሴቱ ሲጀምር ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት አዳመጡና፣ «ዛሬስ ሰፈራችን መጣ» አሉ።

እኔም በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ከዚያ በፊት ካሴቱን ከፍቼላቸው ወደ ክፍሌ እገባ ነበር፤ ከዚያን ምሽት ጀምሮ ግን በየዘፈኑ መካከል ማን እንደ ዘፈነውና እናቴ የትኛውን ትወድ እንደነበር ይነግሩኝ ነበር። ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ለመስማት እኔም መጠጋት ነበረብኝ።