ጓሳ፦ የመንዝ ሣርና አራዊቱ

የመንዝን ከተማ መሐል ሜዳን የረገጠ ሰው የአገሩን ብርድ፣ በጉንና ባናውን ያውቃልና በዚህ አላደክመውም። እኔን ደጋግሞ የሚስበኝ የጓሳ ሣርና በውስጡ የሚውለው አራዊት ነው።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ የሚነሣ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ውርጫም ደጋ ነው። በገደሉ ያደሩ ጭላዳዎች ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ይነጫሉ። ጅብራ በበቀለበት ረግረግ ዳር ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይግጣል። ጢማሙ አሞራ አጥንት አንጠልጥሎ ሽቅብ ይወጣና ዓለት ላይ ለቆ ይሰብረዋል።

የሁሉ አውራ ግን ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም የቀሩት ጎልማሶች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም ያሉት በአገራችን ደጋዎች ነው። ጓሳን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ፣ ጨዋታቸው የማይጠገብ አንድ አዛውንት ወደ ጭላዳው መንጋ እየጠቆሙ፣ «እየው ልጄ፣ በመሃላቸው ቀስ ብሎ ሲሄድ! እሱ ግልገላቸውን አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም። የሚፈልገው አይጥ ነው» አሉኝ። ተመራማሪዎችም እዚሁ ጓሳ ላይ ይህንኑ ለክተዋል፦ ቀበሮው በጭላዳ መሃል ሆኖ ካደረጋቸው የአይጥ አደኖች 67 በመቶው ሲሰምሩለት፣ ብቻውን ሲሆን የሰመሩለት 25 በመቶው ናቸው።

አይጡም፣ ጭላዳውም፣ ቀበሮውም የሚኖሩት በሣሩ ነው። ሣሩን ደግሞ ያቆየው የመንዝ ሰው ነው። አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደጀመሩት በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት፣ ሕዝቡ በመረጠው አለቃ ትእዛዝ ጓሳ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ሣር ይታጨድ፣ ከብትም ይገባ ነበር። «ተዘግቶ ሳለ ያጨደ ወዮለት! የጎረቤት ዓይን ከዘበኛ ይብሳል» ይላሉ አዛውንቱ።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ወደቀ። መንዞች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ኮሚቴ አቋቁመው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን መለሱት። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በአገራችን ብሔራዊ ፓርክ ከመታሰቡ ከዘመናት በፊት ይህ ሕዝብ የራሱን ሕግ አውጥቶ ደጋውን ጠብቋል ስል በኩራት ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ቆርቆሮ ነው። የክዳን ሣር የሚፈልግ ቤት ባነሰ ቁጥር ለመጠበቅ የሚያተጋው ጥቅምም ይሳሳል። ክፍተቱን ሊሞሉ ከሚችሉት አንዱ ቀበሮውንና ጭላዳውን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ ጓሳን የምትወዱ ሂዱ፤ በማኅበረሰቡ ማረፊያ እደሩ፣ የመንዝን ልጅ አስጎብኚ አድርጉ። የምትከፍሉት ገንዘብ ጓሳ ሳይታረስ እንዲቆይ ምክንያት ይሆናል።