ያቺ የተመረዘች ወታደር

በጥቁር ስጫወት የምመርጠው አከፋፈት ታላቅ ወንድሜን ያናድደዋል። ቼዝ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ መጀመሪያ የነገረኝም «ንግሥትህን ይዘህ ዳር ያለች ወታደር ለመብላት እንዳትሮጥ» የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ የምሮጠው ለዚያችው ወታደር ነው። በሲሲሊያን መከላከያ፣ ናይዶርፍ በሚባለው መስመር ውስጥ «የተመረዘችው ወታደር» ይሏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ በስድስተኛው እርምጃ ጳጳሱን ጂ5 ላይ ያቆማል። ጳጳሱ ከቤቱ ሲወጣ ቢ2 ላይ ያለችው ወታደር ጠባቂ ታጣለች። ጥቁር ንግሥቱን ወደ ቢ6 ይልካል፤ ነጭ የራሱን ዲ2 ላይ አስቀምጦ «እንግዲህ ብላ» ይለዋል። በስምንተኛው እርምጃ ትበላለች።

አሁን ሰሌዳውን እዩት። ነጭ ሁለቱን ፈረሶች፣ አንድ ጳጳስና ንግሥቱን አውጥቷል። ጥቁር ያለው አንድ ፈረስና ከሰው ግቢ ገብታ የቀረች ንግሥት ነው፤ ንጉሡም ገና መሐል ተገትሯል። ነጭ ወታደሯን የሰጠው ለዚህ ነው፣ ለጊዜ። (በእኛ ሰንጠረዥ፣ በወረራው ሰዓት፣ የመጀመሪያው እስኪበላ ተራ የሚባል ነገር የለም። ቼዝ ላይ ግን እያንዳንዷ ተራ ትቆጠራለች።) ችግሩ ግን ጊዜ ይተናል፣ ወታደር አይተንም። ስለዚህ ነጭ የኢ ወይም የኤፍ ወታደሩን ገፍቶ መሐሉን ቶሎ መክፈት አለበት። ጥቁር ድብደባውን ችሎ ንግሥቱን ካወጣ፣ ቢቻል ንግሥት በንግሥት ከለዋወጠ፣ ትርፏ ወታደር በእጁ ናት። ሰዎች ይህን የደፋር ጨዋታ ይሉታል፤ ለእኔ የቻይ ሰው ጨዋታ ነው።

ወንድሜ መከራከሪያው አንድ ነው፦ ሬይክያቪክ፣ 1972። ፊሸር በ7ኛው ጨዋታ ወታደሯን በልቶ ከስፓስኪ ጋር አቻ ወጣ። በ11ኛው ደገማት። ስፓስኪ በ14ኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ ተነሣበት ቤት፣ ወደ ቢ1፣ መለሰው። ሽሽት ይመስላል አይደል? ወጥመዱ ግን ከዚያ ጀመረ። ወታደር በልታ የነበረችውን ንግሥት በ25ኛው እርምጃ ተራ ወታደር በላት፤ ፊሸር በ31ኛው እጅ ሰጠ። በ15ኛው ጨዋታ ያው ቦታ ላይ ሲደርሱ ንግሥቱን ትቶ ጳጳሱን አወጣ። «አየህ፣ ራሱ ፊሸር ተዋት» ይለኛል ወንድሜ።

እኔ ንግሥቲቱን ያስበላት መብላቷ ሳይሆን መመለሻዋ መዘግየቱ ነው ባይ ነኝ። ኮምፒውተሮችም ዛሬ ጥቁር ይቋቋማል ይላሉ፤ ብዙዎቹ መስመሮች ማለቂያ በሌለው ቼክ አቻ ያልቃሉ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ መከራ ለአቻ ነው?» ይላል። ለዚህ እንኳ ጥሩ መልስ የለኝም።

ብቻ እሱ ራሱ በነጭ ሲገጥመኝ ጳጳሱን ጂ5 ላይ አያቆማትም። ኢ3 ላይ ነው የሚያስቀምጣት፣ ቀና ብሎም አያየኝ።