ግፊቱን ከማን ቧንቧ ወሰድኩት?

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ሻወር ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማልና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ጣሪያችን ላይ የሶላር ውሃ ማሞቂያ አስተከልን፤ ባለ መስታወት ቱቦውን፣ 200 ሊትር የሚይዘውን። ምክንያታችን ቀላል ነበር። መብራት ሲጠፋ ቦይለር የግድግዳ ጌጥ ነው፤ መብራት ሲኖር ደግሞ ቆጣሪው ይሮጣል። ፀሐይ ግን ቢል አትልክም።

ውሃው ሞቀ። በሙቀቱ ቅሬታ የለንም። ችግሩ አወራረዱ ላይ ነበር። ሙቁ ከሻወሩ እንደ ጠበል ጠብ ጠብ ይላል፤ ቀዝቃዛው ግን ሲመጣ ይገርፋል። ሁለቱን ላመጣጥን ስል ሙቁ ጭራሹኑ ይጠፋል። በዚያ ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣና ሲመጣም ቀጠን ስለሚል፣ ጣሪያ ድረስ ሳይወጣ የሚቀርበት ሌሊት አለ። እኔ ይህን ሁሉ በአንድ ስም ጠራሁት፦ «ግፊት አነሰ»። ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አየና «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ክፍት ቀጭን ቧንቧ አለች። ግፊቱ የሚወጣው በእሷ ነው፤ እንድፈናት» አለኝ። ልስማማ ስል ባለቤቴ ከታች «ድስት እንኳ የሚተነፍስበት ያጣ እንደሆነ ክዳኑን ይገፋል፤ ተው!» አለች። እግዜር ይስጣት። የእኛ ዓይነቱ ሶላር ጋን ከስስ ቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ውሃ ለመያዝ እንጂ ግፊት ለመሸከም አልተሠራም። መተንፈሻው ከተደፈነ ውሃው ሲግልና እንፋሎት ሲሆን ጋኑን ይወጥረዋል፤ ውሃው ሲቀዳ ደግሞ አየር የሚገባበት ስለማያገኝ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። በእኛ ከፍታ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 አካባቢ እንደሚፈላም አትርሱ።

ከዚያ ፓምፕ ገዛሁ። ሠራተኛው ከቆጣሪው በኋላ ባለው መስመር ላይ በቀጥታ ገጠመው። ቧንቧ ሲከፈት በራሱ የሚነሳ ነው። ውሃው ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ጋኑ ሞላ፣ የማጠቢያው ቧንቧ ጮኸ። አስር ቀን ያህል እንደ ትልቅ ሰው ኖርኩ።

በአስራ አንደኛው ቀን ንጋት ላይ በር ተንኳኳ። የጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ ባዶ ባልዲ ይዘዋል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ጣሪያችሁ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። እኔ ቤት ግን ጠብታ የለም። ፈረቃችን አንድ አይደል እንዴ?»

ወጥቼ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ከዚያችው ከመተንፈሻዋ ቧንቧ ሙቅ ውሃ በቆርቆሮው ላይ እየተንቆረቆረ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ባልዲያቸውን ሞልቼ ሰጠኋቸው። መረቁኝ። ምርቃቱ ከስድብ በላይ ከበደኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ አስመጣሁ። ጣሪያ ላይ አልወጡም። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱን ቀዝቃዛ መስመር ዘጉና ሙቁን ብቻ ከፈቱ። ውሃው ያለ ችግር ወረደ፤ አይገርፍም፣ ግን ይታጠቡበታል። «ወንድሜ» አሉኝ፣ «ይሄ ግፊት ማነስ አይደለም። አለመመጣጠን ነው።»

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። በእኛ ዓይነት ሶላር የውሃ ግፊት ማለት ከፍታ ማለት ነው። አስር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ይሰጣል። ጋኔ ከሻወሩ ጫፍ በላይ ያለው ሁለት ሜትር ነው፤ ስለዚህ የሙቁ ግፊት 0.2 ባር ነው። ፓምፑ ሲሠራ ቀዝቃዛው በጌጃቸው ሁለት ባር ያህል አሳየ። አስር እጥፍ! ሁለቱ ሚክሰሩ ውስጥ ሲገናኙ ቀዝቃዛው ሙቁን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ልጆቼ ደግሞ ታጥበው ሲወጡ ሚክሰሩን አይዘጉም፤ እጀታው ላይ ያለችውን መዝጊያ ብቻ ይጫናሉ። ቀዝቃዛው መውጫ ሲያጣ በሙቁ ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ ጋኑን ሞልቶ፣ በመተንፈሻው ይፈሳል። ፓምፑም ሌሊቱን ሙሉ ከመስመሩ እየሳበ ያንን ይቀልባል።

ማለትም ያ ጣሪያዬ ላይ ሲፈስ ያደረው ውሃ ወደ እማማ ቤት ሊሄድ የሚችል ውሃ ነበር። የእሳቸው ውሃ ማጣት ሁሉ የእኔ ጥፋት ነው አልልም፤ ፈረቃውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ግን ከምትመጣው ትንሽ ላይ የእሳቸውን ድርሻ ሳብኩ። ፓምፕ ውሃ አይፈጥርም። ጎረቤቱም ይህን አይቶ ፓምፕ ሲገዛ፣ እኔም ከሱ የበለጠ ስገዛ፣ መስመሩ ያው መስመር ነው። ሌላም መዘዝ አለው፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ሲያንስ፣ መሬት ውስጥ ባለው ስንጥቅ በኩል ፍሳሽ ወደ መጠጥ ውሃችን ሊገባ ይችላል።

መፍትሔው ውድ አልነበረም። ተመሳሳይ ችግር ላለበት ሰው እንዲህ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1. ቀዝቃዛውን ዘግታችሁ ሙቁን ብቻ ሞክሩ። ከወረደ ችግሩ አለመመጣጠን ነው። ካልወረደ መዘጋት ወይም ቧንቧ ውስጥ የተቋጠረ አየር ፈልጉ። ቧንቧው ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ደግሞ የሚወጣ ከሆነ ጉብታው ላይ አየር ይቀመጣል።

2. የሻወሩን ጫፍ ፈትታችሁ እዩ። የእኛ ነጭ ዝቃጭ ይዞ ነበር፤ አቼቶ ውስጥ አድሮ ጸዳ።

3. የመታጠቢያ ቤቱ ቀዝቃዛና ሶላሩ ከአንድ ሮቶ ይጠጡ። ከፍታቸው ሲስተካከል ሚክሰሩ ውስጥ መገፋፋት ይቀራል። ሙቁ መስመር ላይ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ጨምሩ፤ ለዝቅተኛ ግፊት የሚሆነውን ዓይነት።

4. ፓምፕ ግድ ከሆነ ከመስመሩ ሳይሆን ከራሳችሁ የምድር ሮቶ ይሳብ። የምድሩ ሮቶ መስመሩ በሰጠው ልክ ቀስ ብሎ ይሞላ፤ ፓምፑ ከዚያ ወደ ላይኛው ያውጣ።

5. ቱቦዎቹ ደርቀው በቀትር ፀሐይ ከጋሉ ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቁባቸው፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ማታ ወይም ሲነጋ ሙሉ።

የእኔ ሻወር አሁን እንደ ሆቴል አይደለም። ግን ይሞቃል፣ ይመጣጠናል፣ ሌሊት አይፈስም።

አሁን ስለ ፖለቲካ አልጽፍም ወዳልኩት ልመለስ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት የተተረተው ለእኛ ሰፈር ይመስለኛል። አዲስ አበባ በ1930ዎቹ ገፈርሳን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲን ገደበች፤ ኋላም ድሬ ተጨመረ። ይህ አልበቃ ሲል የአቃቂ ከርሰ ምድር ውሃ ተቆፈረ። ያ ውሃ ወደ መሃል ከተማ የሚሄደው ሽቅብ ነው። ከአቃቂ እስከ መስቀል አደባባይ ብቻ ከፍታው ከ200 ሜትር ይበልጣል፤ ማለትም ከ20 ባር በላይ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 200 ሜትር ለመውጣት፣ የፓምፑ ብክነት ሳይታሰብ፣ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በላይ መብራት ይበላል። እኛ ከጉድጓዱ ጎን ሆነን ባልዲ እናሰልፋለን።

ላይ ያሉት አይጠጡ እያልኩ አይደለም። እነሱም ወገን ናቸው፤ እነሱም ይጠማሉ። የምለው ሽማግሌው ባለሙያ ያሉትን ነው። ስለ ከተማዋ ውሃ ስናወራ ሁልጊዜ «አነሰ» እንላለን፤ ስለዚህ መልሳችን ሁልጊዜ «ጨምሩ፣ ቆፍሩ፣ ግፉ» ነው። ማነሱ እውነት ነው። ግን የትኛው ሰፈር በየስንት ቀኑ ያገኛል፣ የማን ጣሪያ ላይ ይፈሳል፣ የማን ባልዲ ባዶ ያድራል የሚለው የመመጣጠን ጥያቄ ነው። ለዚህ ደግሞ ትልቅ ፓምፕ መልስ አይሆንም።

ትናንት የፈረቃችን ሌሊት ነበር። ጠዋት እማማን በር ላይ አገኘኋቸውና «እማማ፣ መጣልዎት?» አልኳቸው።

«መጣ» አሉኝ። «ቀጠን ብሎ ነው፤ ግን መጣ።»

የእናንተ ፓምፕ ከየት ነው የሚስበው? አስተያየት መስጫው ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ወጥታችሁ እዩት።