አንድ ቀንና አንድ ምሽት በሳራዬቮ



ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን መስጊድ ኢማም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ለቦስኒያ ሙስሊሞች ዱዓእ ያደርጉ ነበር። እኛ ልጆቹ ቦስኒያ በየትኛው የዓለም ጥግ እንዳለች ሳናውቅ «አሚን!» እያልን እንጮህ ነበር። ያ «አሚን» ለብዙ ዓመታት በልቤ ውስጥ ቆየ። ባለፈው መስከረም ለሥራ ጉዳይ ወደ ባልካን አገሮች በተጓዝኩ ጊዜ አንድ ባዶ ቀን ስለተረፈኝ ያንን ቀን በቦስኒያ ዋና ከተማ በሳራዬቮ ለብቻዬ ለማሳለፍ ወሰንኩ። ያየሁትን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አይቻልም። ለቤተሰብና ለወጣቶች ይጠቅማል ያልኩትን ግን እነሆ።

የመግሪብ ሰዓት

ሳራዬቮ በተራሮች መካከል በሚልያትስካ ወንዝ ዳርና ዳር የተዘረጋች ከተማ ናት። ከ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1878 እ.ኤ.አ. በዑስማንያ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ ከዚያ በኋላ የኦስትሪያና ሀንጋሪ መንግሥት ያዛት። ስለዚህ ጥንታዊውን የባሽቻርሺያ ገበያ ይዞ ወደ ምዕራብ የሚራመድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ሳይሄድ ከእስታንቡል ወደ ቪየና የተሻገረ ይመስለዋል። በዚያች አጭር መንገድ መስጊዱም፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የካቶሊክ ካቴድራሉም፣ የአይሁድ ምኩራቡም ተቀራርበው ይታያሉ።

ጧት ገበያው ውስጥ ስደርስ የመዳብ አንጥረኞች መዶሻ ይሰማ ነበር። አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ቡናው በመዳብ ማፍያ፣ ከስኳር አንኳርና ከአንዲት ጣፋጭ ከረሜላ ጋር በመዳብ ትሪ መጣልኝ። አሳላፊው ስኒውን እያሳየኝ «ፊልጃን» አለኝ። እኔም እየሳቅሁ «ፍንጃል!» አልኩት። ከዐረብኛ የመጣው አንድ ቃል፣ እኔን በአንድ መንገድ እሱን በሌላ መንገድ ደርሶን፣ በቡና ዙሪያ አገናኘን። ከየት አገር እንደመጣሁ ስነግረው ደግሞ የሁለተኛውን ፍንጃል ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ከሁሉ የበለጠ ያስደነቀኝ ግን የሰዓቱ ማማ ነው። የሆቴሌ ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ሲል የማማው ሰዓት ለሦስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ተበላሽቷል ብዬ አሰብኩ። ኋላ ግን በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ትዝ አለኝና ቆም ብዬ አየሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ይህ ሰዓት ፀሐይ ስትገባ 12 ሰዓት ላይ እንዲሆን ይደረጋል። በእስልምና አዲሱ ቀን የሚጀምረው ከመግሪብ ነውና። የፀሐይ መግቢያ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ሰዓቱን እየተከታተለ የሚያስተካክል ሰው አለው። እዚያ ቆሜ ሁለቱን ፈረንጆች «ተበላሽቷል» ሲባባሉ ስሰማ፣ መግሪብን 12 ሰዓት እያልን ላደግነው ለእኛ ግን ሰዓቱ የቤታችን ሰዓት መሆኑን ልነግራቸው ፈለግሁ።

ለአላህ ብሎ የተወው ገንዘብ

ከማማው ሥር የሚገኘው የጋዚ ሑስረው ቤይ መስጊድ ነው። ጋዚ ሑስረው ቤይ የቦስኒያ አስተዳዳሪ ነበር፤ እናቱ የሱልጣን ባየዚድ 2ኛ ልጅ ናት። መስጊዱን በ1531 እ.ኤ.አ. ገደማ አሠራ። ለዚህም ለሌሎችም በጎ ሥራዎች ንብረቱን ወቅፍ አደረገ፤ የወቅፉ ገቢ የመስጊዱን፣ የድሆች ማብሊያውንና የትምህርት ቤቱን ወጪ ይሸፍን ነበር። በ1537 የተቋቋመው መድረሳ እስከ ዛሬ ተማሪዎችን ያስተምራል። በወቅፉ ሰነድ ላይ ደግሞ ከመድረሳው ግንባታ የተረፈው ገንዘብ መልካም መጻሕፍት እንዲገዛበት አዘዘ። የዛሬው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት መነሻው ያች ትእዛዝ ናት። ሰውየው በ1541 ሞቶ መስጊዱ አጠገብ ተቀበረ፤ የተወው ሶደቃ ግን ይኸው ወደ 500 ዓመት እየተጠጋ ነው።

ውድ ወጣቶች! ይህን የምጽፈው የድንጋይ ሕንፃ ለማድነቅ አይደለም። ከቤት ማሠሪያ የተረፈች ጥቂት ገንዘብ ለመጽሐፍ ስትውል ምን ያህል ዘመን እንደምትሻገር እንድታስተውሉ ነው።

በሙዝ ሣጥን የዳኑ መጻሕፍት

ከሚያዝያ 1992 እስከ የካቲት 1996 እ.ኤ.አ. ሳራዬቮ ለ1,425 ቀናት በተራራ ላይ በተደገነ መድፍና በአልሞ ተኳሾች ተከብባ ኖራለች። በከበባው ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ በ2012 በዋናው መንገድ ላይ 11,541 ባዶ ቀይ ወንበሮች ተደርድረው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ወንበር። ዛሬም በየእግረኛ መንገዱ ቦምብ የፈለፈለው አስፋልት ቀይ ቀለም ተሞልቶ ይታያል። ነዋሪዎቹ «የሳራዬቮ ጽጌረዳ» ይሉታል። አንዷ ላይ ሳላውቅ ቆሜ ኖሮ፣ ያወቅሁት አንዲት አሮጊት ሴት በቀስታ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ሲያስወግዱኝ ነው።

በዚያ ጦርነት የተገደለው ሰው ብቻ አይደለም። በግንቦት 1992 የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም ከ5 ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎቹን ይዞ ነደደ። በነሐሴ ወር ደግሞ በወንዙ ዳር ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከነመጻሕፍቱ ተቃጠለ። ሕንፃው ታድሶ የተከፈተው በ2014 ነው። የጋዚ ሑስረው ቤይ ቤተ መጻሕፍት ግን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ የእጅ ጽሑፎቹን አተረፈ። ዳይሬክተሩ ሙስጠፋ ያሂችና ጥቂት ሠራተኞች ኪታቦቹን በሙዝ ሣጥን እየሞሉ፣ ጥይት በሚያፏጭበት ጎዳና ተሸክመው፣ ከአንድ መደበቂያ ወደ ሌላው ያሸሹ ነበር። ከተሸከሙት አንዱ ከኮንጎ የመጣ የቤተ መጻሕፍቱ የሌሊት ዘበኛ ነበር። ይህን ታሪክ ስሰማ ደረቴ ሞላ። ከአፍሪካ የመጣ አንድ ወንድማችን፣ ማንም በማያየው ሌሊት፣ የእሱ ባልሆነ አገር ጦርነት ውስጥ ነፍሱን አስይዞ አማናውን ጠበቀ።

የምሽቱ ፈተና

ከዐስር በኋላ በኮቫቺ የሸሂዶች መቃብር በኩል ሽቅብ ወጣሁ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዓሊያ ኢዘትቤጎቪች በ2003 የተቀበሩት እዚሁ፣ በነጫጭ የመቃብር ድንጋዮች መካከል ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ቢጫው ምሽግ የሚባል ቦታ አለ። በረመዷን የኢፍጣር መድፍ የሚተኮሰው ከዚህ ነው። ወጣቶች ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት እዚያ ተሰብስበዋል። ከታች ካሉት ሚናራዎች አዛን አንዱ ሌላውን እየተከተለ ሲነሣ እንባዬ መጣ። ልጅ ሆነን «አሚን» ያልንላት ከተማ ይኸው አለች፤ አልሐምዱሊላህ!

መግሪብን ቅርብ ባለ መስጊድ ሰግጄ ስወርድ ፎቶግራፍ እንዳነሣቸው ጠይቀውኝ የነበሩ ሁለት ወጣቶች አብረን እራት እንድንበላ ጋበዙኝ። በትኩስ ቂጣ ውስጥ ከሽንኩርት ጋር የሚቀርብ የተጠበሰ ሥጋ በላን፤ ተጫወትን። በኋላም «የሌሊቷን ሳራዬቮ ሳታይ እንዴት ትሄዳለህ?» ብለው ሙዚቃው እስከ መንገዱ ወደሚሰማ መጠጥ ቤት ወሰዱኝ። አንደኛው ስሙ የነቢይ ስም ነው።

እውነቱን ልናገር፤ በሩ ላይ ደርሼ ልቤ አላመነታም አልልም። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነበርኩ። ከተማው ውስጥ የሚያውቀኝ አንድም ሰው የለም። «አልጠጣም፤ ዝም ብዬ ብቀመጥስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሸይጣን ብቸኛን መንገደኛ የሚይዘው በዚህች «ዝም ብዬ ብቀመጥስ» ነው። ያን ጊዜ የኮንጎው ዘበኛ ትዝ አለኝ። እሱንም በዚያ ሌሊት ማንም አያየውም ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የትም ብንሆን አላህን እንድንፈራ ያስተማሩን ለእንዲህ ያለው በር ነው። «ዒሻእ አልሰገድኩም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኳቸው።

አንዱ ሰላም ብሎኝ ገባ። የነቢዩ ስም ያለው ግን «መስጊዱን ላሳይህ» ብሎ አብሮኝ ተመለሰ። በመንገድ ላይ ስለ ቤተሰቡ አጫወተኝ። አያቱ አምስቱን ወቅት ሶላት አያቋርጡም ነበር። አባቱ ግን ያደጉት በኮሚኒስት ሥርዓት ነው፤ ሴቶች ፊታቸውን መሸፈን በ1950 በሕግ ተከለከለ፤ ልጆች ቁርኣን የሚማሩባቸው መክተቦች በ1952 ተዘጉ። «አያቴ ታውቃለች፤ አባቴ ረሳ፤ እኔ አልተማርኩም» አለኝ። በመስጊዱ ግቢ ካለው ፏፏቴ ውኃ ጠጣና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ገባሁ። ውስጡ ባዶ አልነበረም፤ ሽማግሌም ወጣትም ሶፍ ሞልቶ ቆሟል። እንደ እሱ ያለ እንዳለ ሁሉ፣ ያጣውን መልሶ የያዘም ብዙ ነው።

ሰግጄ ስወጣ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። አልኮል በማይሸጥበት አንድ ቡና ቤት ቡና ጠጣን። በመሐል «የአንተን ልጆች ማን ነው ቁርኣን የሚያስቀራቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

መልስ አጣሁ። የሰባት ዓመት ልጄ ሰፈራችን ካለው ቁርኣን ቤት ከቀረ ወራት አልፎታል። ትምህርት በዝቶበታል፣ ሲያድግ ይደርስበታል እያልኩ የተውኩት እኔ ራሴ ነኝ። ልጄን ከመክተብ ያስቀረ መንግሥት የለም፤ የዘጋብኝ በርም የለም። ጦርነትም ሕግም ሳያስገድደኝ፣ «አባቴ ረሳ» የሚባለው አባት ልሆን ነበር።

ስንለያይ ወጣቱ «በሚቀጥለው ጊዜ አብረን እንሰግድ ይሆናል» አለኝ። «ኢንሻአላህ» አልኩት። በማግሥቱ ከሱብሒ በኋላ ወደ ቤት ደወልኩና ባለቤቴን ልጁን በዚያው ቀን ወደ ኡስታዙ ይዛው እንድትሄድ ነገርኳት።

ውድ አንባብያን! ጉዞ ካሰባችሁ ሳራዬቮን እዩ፤ ምግቡን ጠይቃችሁ ብሉ፤ ጽጌረዳዎቹን አትርገጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን በየቤታችሁ ኪታቡን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ተጠያየቁ። አላህ (ሱ.ወ.) ለሳራዬቮ ሸሂዶች ይዘንላቸው፤ ልጆቻችንንም ከእኛ የተሻሉ አማና ጠባቂዎች ያድርጋቸው። አሚን!